እርካቡን ማሳጠር፤ ከበቅሎ ኮርቻ እስከ ሞተር ሳይክል

በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ ጽሑፍ የታሪክ ጽሑፍ ነው። የተነሣንበት ጉዳይ ግን በግቢያችን ጥግ በላስቲክ ተሸፍኖ ክረምቱን ያሳለፈ አንድ ሞተር ሳይክል ነው።

ብዙዎቻችሁ እንደምታስታውሱት፣ ከወርሃዊ ቁጠባችን አዋጥተን ያገለገለ ሞተር የገዛነው በሁለት ምክንያት ነበር። አንደኛ፣ ማራችንን፣ ነጭ ሽንኩርታችንንና ቡላችንን ከወንጪ አምቦ ገበያ ለማድረስ ለሰው ሞተር የምንከፍለው ኪራይ ትርፋችንን ይበላው ነበር። ሁለተኛ፣ አንዲት አባል በድንገት ስትታመም ወደ ጤና ጣቢያ የምታደርሳት ሌላዋ አባል እንድትሆን ፈልገን ነበር። ሦስት ሴቶች መርጠን ልምምድ ጀመርን። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ሞተሩ ለሦስቱም ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ከሦስቱ አጭሯ ስትቀመጥበት መሬት የሚነካው የእግሯ ጣት ብቻ ነው። ዳገት ላይ ቆማ እግሯን ስታወርድ ጥቂት ጎደላትና ሞተሩ ከነእርሷ ወደ ጎን ተጋደመ። ደግነቱ ጉዳቱ ከተላጠ ክርንና ከተሰበረ መስታወት አላለፈም። ሞተሩን ያየልን መካኒክ ግን ፍርዱን ሰጠ፦ "ይሄ የወንድ ሞተር ነው። ወይ ሽጡት፣ ወይ ወንድ ቅጠሩ።"

በስብሰባችን ላይም ይኸው ሐሳብ ቀረበ። "ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ" የሚለውን ተረት ያነሣው ወንድ እንዳይመስላችሁ፤ ከእኛው አንዷ ናት፤ ብዙዎቻችንም በአዎንታ ራሳችንን ነቀነቅን። ድምፅ ሊሰጥ ሲል፣ ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ፈረስ ያከራዩ የነበሩ አንዲት እናት ከኋላ ሆነው "ለመሆኑ እርካቡን አሳጥራችሁታል?" ብለው ጠየቁ። ሳቅን። እርሳቸው ግን አልሳቁም። "እንግዳው እርካቡ ላይ ካልደረሰ ፈረሱን እንሸጣለን እንዴ?" አሉ። ሽያጩን አቆየነው፤ ጥያቄውን ግን ይዘነው ወጣን። ከዚህ በታች የምታነቡት ያንን ጥያቄ ስንከተል ያገኘነውን ነው።

ፈረስ ለሰው ሲለካ

በአምቦና በወሊሶ መካከል ያለችውን ወንጪን የጎበኘ ሁሉ ይህን ያውቃል። ከእሳተ ገሞራው አፋፍ ወደ ሐይቁ ለመውረድ፣ ወይም ከሐይቁ ለመመለስ፣ እንግዳው ፈረስ ይከራያል። የሚመጣው ረጅም ፈረንጅም ይሁን የአሥር ዓመት ልጅ፣ ባለፈረሱ መጀመሪያ የሚያየው እግሩን ነው። ከዚያ የእርካቡን ጠፍር ይፈታል፣ ያሳጥራል ወይም ያስረዝማል፣ የኮርቻውን ማሰሪያ ያጠብቃል፣ ይፈትሻል። ይህን ሲያደርግ "ይህ ፈረስ የረጅም ሰው ነው" ብሎ የሚናገር አንድም ባለፈረስ የለም። እ.ኤ.አ. በ2021 ወንጪ በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ሆና ስትመረጥ የፈረስ ጉዞው ከምትታወቅባቸው ነገሮች አንዱ ነበር። ዕውቀቱ በእጃችን ነው፤ ብዙዎቻችን ያደግነው ጠፍር ሲሳብና ሲላላ እያየን ነው።

የአገራችን የጥንት ኮርቻ ከእንጨት ተጠርቦ በቆዳ የሚለበጥ፣ ከፊትና ከኋላ ከፍ ብሎ ተቀማጩን የሚይዝ ነው። እርካቡ ደግሞ ዛሬ እንደምናየው ጫማን ሙሉ የሚቀበል አልነበረም። አባቶቻችን የሚጋልቡት በባዶ እግራቸው ስለነበር፣ እርካቡ የእግር አውራ ጣት ብቻ የምትገባበት ጠባብ የብረት ቀለበት ነበር። ወደ ኢትዮጵያ የመጡ የአውሮፓ ተጓዦች ይህን አይተው ተደንቀው ጽፈዋል። ነገሩ ግን የሚያስደንቅ አይደለም። ባዶ እግር ላለው ሰው ለባዶ እግር የሚሆን እርካብ ተሠራለት፤ ጫማ ሲለመድ እርካቡም ሰፋ። በሁለቱም ጊዜ የተለወጠው ብረቱ እንጂ እግሩ አልነበረም።

ሴቶችስ? በደጋው አገራችን የክብር መጓጓዣ በቅሎ ነበረች። እግሯ በድንጋያማ መንገድ አይስትም፣ አካሄዷም ሰውን አያንገላታም። መኳንንቱ በመንገድ በበቅሎ ይሄዱና ፈረሳቸው ለጦርነት እየተሳበ ይከተላቸው ነበር። ሙሽራም በበቅሎ ትሄድ ነበር። እቴጌ ጣይቱ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመቱት የራሳቸውን ጦር አስከትለው፣ ያንን ሁሉ ተራራ ተሻግረው ነው። ስለዚህ "ሴት ከፍ ያለ ነገር ላይ ተቀምጣ ሩቅ መንገድ አትሄድም" የሚለው አባባል ከአገራችን ታሪክ የወጣ አይደለም።

ይሁን እንጂ ታሪኩን አናሳምረው። ፈረስ ክብር ሲሆን ክብሩ የወንድ ነበር። የጀግና መጠሪያ የነበረው የፈረስ ስም "አባ" ብሎ ነው የሚጀምረው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ከጎረቤታችን ከጨቦ ምድር የወጡት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ደግሞ አባ መቻል ይባሉ ነበር። "አባ" ማለት አባት ነው። እናቶቻችን በበቅሎ ቢሄዱም፣ ልጓሙን የሚስብላቸው ሌላ ሰው የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። መጓዝ ተፈቅዶላቸው ነበር፤ መንዳት ግን ሌላ ጉዳይ ነበር። ዛሬም ሞተር ላይ ከኋላ ለመቀመጥ ማንም "ቁመትሽ አይበቃም" አይለንም።

እግር ትልቁን ጎማ ሲለካ

የሞተር ሳይክል ታሪክ የሚጀምረው ከብስክሌት ነው። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ በእንግሊዝ አገር የተስፋፋው ብስክሌት የፊት ጎማው ግዙፍ፣ የኋላው ትንሽዬ ነበር። ፔዳሉ በቀጥታ ከፊት ጎማው መሐል ጋር ስለተያያዘ፣ እግር አንድ ዙር ሲዞር ጎማውም የሚዞረው አንድ ዙር ብቻ ነው። ፈጥኖ ለመሄድ ያለው መንገድ ጎማውን ማተለቅ ነበር። የጎማው ትልቅነት ደግሞ የሚወሰነው በነጂው የእግር ርዝመት ነው። ረጅም እግር ያለው ወጣት ትልቅና ፈጣን ብስክሌት ያገኛል፤ አጭር ሰው ዝግተኛ ይነዳል፤ ረጅም ቀሚስ የለበሰች ሴት ደግሞ ጭራሽ አትወጣበትም። ጠጠር ያደናቀፈው ሰው ከዚያ ከፍታ በፊቱ ይደፋ ነበር። በዚያ ዘመን "ብስክሌት ለወንድ ነው" ቢባል እውነት ይመስል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ የተባለ እንግሊዛዊ "ሮቨር" የሚባል ብስክሌት አወጣ። ሁለቱ ጎማዎች ተቀራራቢ ሆኑ፣ ፔዳሉ መሐል ላይ ተቀመጠ፣ ኃይሉ በሰንሰለት ወደ ኋላ ጎማ ተላለፈ። ፍጥነትን የሚወስነው የጥርሶቹ ብዛት ሆነ እንጂ የእግር ርዝመት መሆኑ ቀረ። በአሥር ዓመት ውስጥ በአውሮፓና በአሜሪካ እጅግ ብዙ ሴቶች ብስክሌት ነጂ ሆኑ። ለሴቶች የመምረጥ መብት የታገለችው አሜሪካዊቷ ሱዛን አንተኒ እ.ኤ.አ. በ1896 ሴትን ነፃ በማውጣት ብስክሌትን የሚያህል ነገር እንደሌለ ተናግራለች። እህቶቻችን፣ በእነዚያ ዓመታት የሴቶች እግር አንድ ጣት እንኳ አልረዘመም።

በዚያው በ1885 ጎትሊብ ዳይምለርና ዊልሄልም ማይባክ በጀርመን አገር በቤንዚን ሞተር የሚሄድ ባለሁለት ጎማ ተሽከርካሪ ሠሩ። አካሉ ከእንጨት ነበር፤ እንዳይወድቅ በግራና በቀኝ ሁለት ትንንሽ ጎማዎች ተደግፎ ነበር። ሞተሩ ከመቀመጫው ሥር ስለነበረ በአንድ ጉዞ ላይ መቀመጫው በእሳት ተያያዘ ይባላል። በኢንጂነር እጅ የተሠራ ነገር ሁሉ ከመጀመሪያው ለሰው ገላ የተመቸ እንዳልነበር ይህ ያስታውሰናል።

እ.ኤ.አ. በ1916 አውጉስታና አዴሊን ቫን ቡረን የተባሉ ሁለት እህትማማቾች በሁለት ኢንዲያን ሞተር ሳይክሎች አሜሪካን ከምሥራቅ ጫፍ እስከ ምዕራብ አቋረጡ። በመንገዳቸው 4,302 ሜትር ከፍታ ያለውን የፓይክስ ፒክ ተራራ ወጡ። ዓላማቸው ሴቶች ለጦር ሠራዊቱ መልእክት በሞተር ማድረስ እንደሚችሉ ማሳየት ነበር። በትንንሽ ከተሞች ፖሊስ ያስቆማቸው በማሽከርከር ጉድለት ሳይሆን የወንድ ልብስ ለብሳችኋል ተብለው ነው። ጉዞውን ፈጽመውም ሠራዊቱ አልተቀበላቸውም። አዴሊን በኋላ የሕግ ባለሙያ፣ አውጉስታ ደግሞ አብራሪ ሆኑ።

ፋብሪካው ሴትን ሲያስባት

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ፋብሪካዎች ራሳቸው ዝቅ ማለት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1946 የጣሊያኑ ፒያጆ ኩባንያ ቬስፓን አወጣ። የነደፈው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር፤ ሞተር ሳይክል አይወድም ነበር። ስለማይወድም የማይወድበትን ሁሉ አስወገደ። ሞተሩን ሸፈነው፣ ልብስ የሚያቆሽሸውን ሰንሰለት ተወው፣ ከነጂው ፊት ያለውን ቦታ ባዶ አድርጎ ቀሚስ የለበሰችም ሴት እግሯን ሳታነሣ እንድትገባ አመቻቸ። ቬስፓ በኋላ በአዲስ አበባና በአስመራ ጎዳናዎችም ታይታለች።

እ.ኤ.አ. በ1958፣ በእኛ አቆጣጠር በ1950 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የጃፓኑ ሆንዳ ሱፐር ከብ የተባለችውን አወጣ። ሞተሯ 50 ሲሲ የማይሞላ ነው። መሐሏ ዝቅ ያለ፣ ቀላልና ትንሽ ናት። ማርሽ ሲቀየር የእጅ ፍሪሲዮን አትፈልግም፤ በጃፓን ከተሞች ምግብ በአንድ እጁ ይዞ የሚያደርስ ሠራተኛም በሌላው እጁ እንዲነዳት ታስቦ ነበር። ሴት ደንበኛም ከመጀመሪያው ታስባበት ነበር። እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። በዓለም ላይ ይህን ያህል የተመረተ ሌላ ባለሞተር ተሽከርካሪ የለም። እንግዲህ ለአጭርና ለቀላል ሰው የሚሆን ሞተር መሥራት ምጽዋት አልነበረም፤ ትልቅ ትርፍ የተገኘበት ሥራ ነበር።

ሞተር ወደ እኛ ሲመጣ

ጋራዥ ስትገቡ የመካኒኩን ቋንቋ ስሙት። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ጎማ፣ ሞላ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ካርቡራተር፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ራሱ "መኪና" የሚለው ቃልም እንዲሁ። ከኤርትራ በኩልና በተለይም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ዘመን ከተሽከርካሪው ጋር ቃሉም ገባ፤ ሥራውም በወታደርና በወንድ ሠራተኛ እጅ ገባ። ከዚያ በኋላ ወደ ገጠራችን የመጡት ሞተሮች ደግሞ በብዛት ለመጥፎ መንገድ የተሠሩ ከፍ ያሉ ዓይነቶች ነበሩ። የልማትና የእርዳታ መሥሪያ ቤቶች የሚያመጧቸው ያማሃ ዲቲ 125ን የመሳሰሉት መቀመጫቸው ከመሬት ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው። የኢትዮጵያ ሴት አማካይ ቁመት 156 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የዚህ ቁመት ያላት ሴት የእግሯ ርዝመት ከውስጥ በኩል ሲለካ 75 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ቁመት ብቻ አይደለም፤ ክብደትም አለ። የሞተር ሞላ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው 70 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሚመዝን ሰው ነው። 50 ኪሎ የምትመዝን ሴት ስትቀመጥበት ሞላው አይጎብጥላትም፤ ስለዚህ ከፍ ያለው ሞተር ለእርሷ ይበልጥ ከፍ ይላል፣ በኮረኮንችም ላይ ያነጥራታል።

በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተጀመረ በኋላ በየቀበሌው የተመደቡት ከ30,000 በላይ የሆኑት ባለሙያዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች ናቸው። ተራራ እየወጡ እየወረዱ ቤት ለቤት የሚሄዱትም እነርሱ ናቸው። ከማንም በላይ ሞተር የሚያስፈልጋት ሴት በእግሯ ስትሄድ፣ ሞተሩ ቢሮ በር ላይ ወንድ ሲጠብቅ ያላየ ማን አለ? ምክንያቱ ሲጠየቅ "አይደርሱበትም" ይባላል። እርካቡን ለማሳጠር የሞከረ ግን የለም።

እኛ ያደረግነው

ሌላ መካኒክ ፈለግን። ነገሩን በፈረስ ቋንቋ ነገርነው፤ ገባው። ለሌሎች ማኅበራትም ስለሚጠቅም በቅደም ተከተል እንጽፈዋለን።

መጀመሪያ ሞላውን አየ። በሁለቱ የኋላ ሞላዎች ግርጌ በደረጃ የሚዞር ቀለበት አለ። በቀድሞው ባለቤት ጊዜ ለሁለት ሰው ጭነት እስከ መጨረሻው ጠብቆ ነበር። ወደ ላላው ደረጃ መለሰው። ነጂዋ ስትቀመጥ የኋላው ክፍል ሞላው ከሚጓዘው ርቀት ሲሶ ገደማ ዝቅ ማለት አለበት። ይህ ሥራ ምንም ገንዘብ አላስወጣንም።

ሁለተኛ፣ የመኪና ወንበር የሚሰፋ ባለሙያ ከመቀመጫው ስፖንጅ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ቀነሰ፤ ከፊት በኩል ግራና ቀኙንም አጠበበው። ማጥበቡ ከመቀነሱ እኩል ጠቅሞናል፤ ሰፊ መቀመጫ ጭንን ወደ ውጭ ስለሚገፋ እግር ቀጥ ብሎ አይወርድም። ከዚህ በላይ ቢቀነስ ግን ሥሩ ያለው ብረት ወገብን ይጎዳል።

ሦስተኛ፣ የኋላው ዝቅ ሲል የፊቱም ማለት አለበት። አለዚያ የፊቱ ጎማ ይቀልና ዳገት ላይ መሪው መሬት አይጨብጥም። የፊቱን ጎማ የሚይዙት ሁለቱ ቱቦዎች የታሰሩበትን ብሎን አላልቶ ሁለቱንም እኩል አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ወደ ላይ አሳለፋቸው። ከዚያ ሞተሩን ወደ ታች ተጭኖ ጎማው መከላከያውን እንደማይነካ አረጋገጠ። ሰንሰለቱንም እንደገና ለካው።

አራተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። ሞተሩ ዝቅ ሲል የጎን መቆሚያው እግር ይረዝምበታል፤ ሞተሩም ቀጥ ብሎ ይቆምና በነፋስ እንኳ ወደ ሌላው ጎን ይወድቃል። በያጅ ጋ ወስደን ጥቂት አስቆረጥነው፣ አስበየድነው።

አምስተኛ፣ የእጅ ነገር። የፍሬኑና የፍሪሲዮኑ እጀታዎች አንጓ ሳይታጠፍ እንዲያዙ ትንሽ ወደ ታች ዞሩ፤ የፍሪሲዮኑ ሽቦም ለአጭር ጣት እንዲመች ተስተካከለ። የማርሹ ፔዳልም አንድ ጥርስ ዝቅ አለ። በመጨረሻ ወፍራም ሶል ያለው ቡትስ ጫማ ገዛን። ይህ ሁሉ ተደምሮ ያስወጣን ገንዘብ በአንድ ወር ለኪራይ ከምንከፍለው ያነሰ ነበር።

የቀረው ልምምድ ነው። ሲቆም ሁለት እግር ማውረድ ግድ አይደለም። ዳሌን ወደ ግራ ሸርተት አድርጎ ግራ እግርን ሙሉ ማሳረፍ፣ ቀኙን የኋላ ፍሬኑ ላይ መተው ይበቃል። ከመቆም በፊት ከፍ ያለውን የመሬት ጎን መምረጥ ያስፈልጋል፤ የወንጪ መንገድ ይህን በደንብ ያስተምራል። ለወደቀ ሞተር ጀርባን ሰጥቶ፣ ቁጢጥ ብሎ፣ መሪውንና መቀመጫውን ይዞ በእግር ኃይል መግፋት ነው እንጂ በወገብ አይነሣም። የማር እንስራ ወይም ሰው ከኋላ ሲጫን ሞላው እንደገና መጥበቅ አለበት፤ ኮርቻ ሳይጠብቅ ጭነት አይጫንምና።

አንድ ነገር እንጨምር። ወንጪ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር ጋር ሲነጻጸር ከሩብ በላይ ስለሚሳሳ ማንኛውም የቤንዚን ሞተር ይደክማል። ካርቡራተሩ ለዚህ ቢስተካከልም ሙሉ ጉልበቱ አይመለስም። በደከመ ሞተር ዳገት ሲወጣ 80 ኪሎ ከሚመዝን ወንድ 50 ኪሎ የምትመዝን ሴት ትሻላለች። ጉድለት ነው የተባልነው ክብደት በእኛ አገር ዳገት ላይ ጥቅም ነው።

ዛሬ ከሦስቱ ሁለቱ መንጃ ፈቃዳቸውን ይዘው፣ የራስ መከላከያ ቆብ አድርገው አምቦ ገበያ ይመላለሳሉ። አንደኛዋ ያች የወደቀችው ናት። ሦስተኛዋ እስካሁን አልጀመረችም። ያቆማት ቁመቷ ሳይሆን የቤቷ ሰዎች ፈቃድ ነው፤ ለዚህ የሚሆን ብሎን መፍቻ እስካሁን አላገኘንም። ቦታዋ ግን ክፍት ነው፤ መቀመጫውም ለእርሷ ጭምር ተለክቷል።

እርካቡን የጠየቁን እናት ሞተሩ ተስተካክሎ ሲመጣ ዞር ዞር ብለው አዩት። መቀመጫውን በእጃቸው ተጭነው "አሁን ገና ኮርቻ ሆነ" አሉ። እህቶቻችን፣ "አይደርስሽም" የተባላችሁት ነገር ካለ፣ ሞተር ይሁን፣ የወፍጮ ቤት ማንሻ ይሁን፣ የባንክ ቤት መስኮት ይሁን፣ ከመተዋችሁ በፊት ብሎኑ የት እንዳለ ጠይቁ። ሞተሩን መሞከር የምትፈልግ አባል ካለችም በሚቀጥለው ስብሰባ ስሟን ታስመዝግብ። የእግሯን ርዝመትና ክብደቷን ይዛ ትምጣ፤ የቀረውን እኛ እናስተካክላለን።